ጨጓራ ያልኩት ሐሞት ነበር

ሐዋሳ እየኖሩ ሐይቁ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እምቢ ማለት ከባድ ነው። እኔን ያጋለጠኝም እሱ ነው። ጥብሱን በልቼ ቤት እንደገባሁ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይይዘኛል፤ ሕመሙ እስከ ጀርባዬ ይደርሳል። ሰው ሁሉ "ጨጓራ ነው" አለኝ። ተልባ ጠጣሁ። ኦሜፕራዞል ዋጥኩ። ስምንት ወር በዚህ አለቀ። በመጨረሻ ባዶ ሆዴን ሄጄ አልትራሳውንድ ስነሳ የሐሞት ከረጢቴ ጠጠር ሞልቶበታል። ጠጠሩን ያመጣው ዓሣው አይደለም። ቅባት ሲገባ ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ጠጠሩ መውጫው ላይ ሲወተፍ ነው የሚያሠቃየው።

ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ሲሉኝ "ጠጠሩን ብቻ አታወጡልኝም?" ብዬ ነበር። ከረጢቱ እስካለ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል ተባልኩ። ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው። ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ሰው ያለሱ ይኖራል። የሥራ ባልደረቦቼ ግን "ሐሞተ ቢስ ልትሆኚ ነው" ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ተጥጄ ማወዳደር ጀመርኩ። ሆድ ሳይከፈት፣ ካሜራና መሣሪያ በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ የሚሠራ ላፓራስኮፒ የሚሉት አለ። እምብርት ላይ ብቻ በአንድ ቀዳዳ የሚሠራ አለ። ሮቦትም አለ። ልቤ አንዷ ቀዳዳ ላይ ቀረ፤ ጠባሳው እምብርት ውስጥ ይደበቃላ!

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሐኪም "አታስቢ፣ ቀላል ነው" ብሎ ሸኘኝ። ስንት ሰው እንደሠራ ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። ሁለተኛው ግን ወረቀት አውጥቶ ሳለልኝ። "እህቴ፣ አንድ ድስት ውስጥ ሦስት ሰው ማማሰያ ሲከት አስቢው" አለኝ። በአንድ ቀዳዳ ካሜራውም መሣሪያውም በአንድ በር ስለሚገቡ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቀዳዳውም ሰፋ ስለሚል በኋላ እዚያው ላይ ቡአ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሰው ያው የሐኪሙ እጅ ነው። ለቀላል ሐሞት ወጪውን ያህል ጥቅም የለውም አለኝ።

እሱን የሚያስጨንቀው ጠባሳው አልነበረም። ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቱቦውና የደም ሥሩ። ሁለቱ ጥርት ብለው ሳይታዩ አይቆረጥም። ዋናው የሐሞት ቱቦ በስህተት ከተቆረጠ ጣጣው ብዙ ነው። "ካልታየኝስ ሆድሽን እከፍተዋለሁ። እሱን አምነሽ ፈርሚ" አለኝ። ፈረምኩ። አራት ቀዳዳ፣ በቃ።

እናቴ "ሙከራ እንዳይሆንብሽ" ብላ ፈርታ ነበር። ሐሞትን በላፓራስኮፒ ማውጣትን ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሙሄ በ1985 እ.ኤ.አ. እንደጀመረው ነገርኳት። ያኔ እሱንም የሙያ ጓደኞቹ ነቅፈውት እንደነበር ግን አልነገርኳትም።

ስነቃ ከሆዴ ይልቅ ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ። "ንፋስ ገብቶብሽ ነው" አለች እናቴ። ለአንድ ጊዜ እውነቷን ነው! ሆድን ለመንፋት ካርቦንዳይኦክሳይድ ያስገባሉ። የተረፈው ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ሲያስቆጣው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ለቀቀኝ።

አንድ ሞኝነት ግን ሠርቻለሁ፤ በማግስቱ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ። ኮብልስቶኑ ላይ እያንዳንዷን ድንጋይ ቆጠርኳት። መኪና ተዋሱ፤ ካልሆነም ሆዳችሁ ላይ ትራስ ያዙ።

አንዲት ጎረቤቴ በዚያው ሰሞን ሆዳቸው ተከፍቶ ነው የተሠሩት። ጠባሳቸው ከጎድናቸው ሥር አንድ ስንዝር ይሆናል። ከረጢቱ ክፉኛ ተቆጥቶ ተጣብቆ ስለነበር በካሜራ ጀምረው ነው የከፈቱት። መጀመሪያ "አበላሹባቸው" ብዬ ነበር። ሐኪሜ የሳለልኝን ወረቀት ሳስታውስ ግን አፌን ያዝኩ።

የእኔ አራት ጠባሳዎች አሁን ፈልጌ ነው የማገኛቸው። አሞራ ገደልም ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቅባት ሽንት ቤት ያስሮጠኝ ስለነበር በሾርባው ነው የጀመርኩት።