ሥራ ሲፈታ የሚሞት ኮምፒውተር

ሒሳብ ክፍል የነበረው ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ሥራ ላይ እያለ አስቸግሮ አያውቅም። ሲተዉት ነው የሚጠፋው። ተጠቃሚዋ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። የዓመት መዝጊያ ሲደርስ ከጠዋት እስከ ማታ ቢያሯሩጡት ምንም አይልም። ምሳ በልተው ሲመለሱ ግን ሞቶ ያገኙታል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። ማብሪያውን ቢጫኑትም አይነሳም፤ ገመዱን ነቅለው ትንሽ ቆይተው ሲሰኩት ነው ነፍስ የሚዘራው።

ይቺ የመጨረሻዋ ምልክት ብቻዋን ብዙ ትናገር ነበር። ሰሚ ግን አላገኘችም።

የእኛ የኮምፒውተር ጠጋኞቹ ክፍል ኃላፊ ሁላችንም «ኢንጂነር» የምንላቸው ሰው ናቸው። እውቀታቸውን አልክድም። ብቻ ተጠቃሚ ሲያወራ ጆሯቸው ይዘጋል። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ ሁለቱ የተነጋገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«እርስዎ በሌሉበት እንደሚጠፋ በምን አወቁ?» አሏቸው።

«ስመለስ ጠፍቶ አገኘዋለሁ።»

«እንግዲያው ስሊፕ ገብቶ ነው።»

«ስሊፕ ሲገባማ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ማውሱን ስነካው ይነሳል። ይኼ ሞቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ስሊፕ ነው፣ እትዬ። ኔቨር፣ በጭራሽ እንዳይተኛ፣ አድርገነው እንሄዳለን።»

ኔቨር ተደረገ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የተለመደው ሁሉ ሆነ። አቧራው ተነፋ። ራሙ፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ተነቅሎ በላጲስ ተፈገፈገ። ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት፣ ተቀየረ። በመጨረሻም ያው የሁሉ በሽታ መድኃኒት፣ ፎርማት! እትዬ ፋይሎቻቸውን ለማስመለስ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልናገርም። ኢንጂነር ሲፒዩውን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ መቶ በመቶ የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ጭነው ሌሊቱን አሳደሩት። ጠዋት ስንገባ እየሞቀ፣ ፋኑ እየጮኸ፣ በሰላም አገኘነው። የራም ፍተሻውም ያለ አንድ ስህተት አለፈ። ቅጹ ላይ «ተፈትሿል፤ ችግር አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። እጃችን ላይ ያሉት መፈተሻዎች በሙሉ ኮምፒውተሩን እያሠሩ ነው የሚፈትሹት። ሥራ ሲፈታ የሚሞተውን ማሽን ሌሊቱን ሙሉ እያሠራን፣ አልሞተም ብለን ጤነኛ ነው አልን። ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየት ያስፈልግ ነበር። ዝም ብሎ የተቀመጠ ባለሙያ ደግሞ ለአለቃ ሥራ የሚሠራ አይመስልም።

እትዬ ግን መላ አላጡም። ከወንበራቸው ሲነሱ አንድ ረጅም ተከታታይ ድራማ ከፍተው፣ ድምፁን ዘግተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ መጥፋቱን ተወ! ይህንን ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ሞክረው ነው የደረሱበት። አንድ ቀን ኢንጂነር በዚያ ሲያልፉ ቪዲዮውን አይተው «ይህ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሲኒማ ቤት?» አሉ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እትዬም ቀና ብለው «ድራማው ካልሠራ ኮምፒውተሩ አይሠራም» አሏቸው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ኢንጂነርም ሳቁ፤ የሳቁት ግን በሴትዮዋ ነው።

እኔ ያን ቀን አመሻሹ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ድራማውን ዘጋሁና እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማችና ጸጥ አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰክቼ ኢቨንት ቪወርን፣ ዊንዶውስ የገጠመውን የሚመዘግብበትን፣ ስከፍት ከርነል ፓወር 41 የሚል መዝገብ ተደርድሯል። ይህ ዊንዶውስ «በወጉ ሳልዘጋ ነው የተነሳሁት» የሚልበት ነው። የስህተት ኮዱ ዜሮ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ምን እንደነካው አያውቅም ማለት ነው። ያ ደግሞ ከሶፍትዌር ይልቅ ወደ ኤሌክትሪኩ ያስጠረጥራል።

ማሽኑ በ2013 የወጣው የኢንቴል 4ኛ ትውልድ፣ ሀስዌል ነው። ሀስዌል ሥራ ሲፈታ ሲ6 እና ሲ7 ወደሚባሉ ጥልቅ እንቅልፎች ይወርዳል። ይህ ዊንዶውስ ላይ ኔቨር ከምንለው ስሊፕ ጋር አይገናኝም፤ ሲፒዩው በገዛ ራሱ በየቅጽበቱ የሚያሸልበው ነው። በዚያን ጊዜ ከ12 ቮልቱ መስመር የሚስበው እስከ 0.05 አምፔር ይወርዳል። ከዚያ በፊት ፓወር ሰፕላዮች፣ ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚመግቡት ሳጥኖች፣ የሚሠሩት ዝቅተኛው 0.5 ይሆናል በሚል ነበር። 12 ቮልቱንና 5 ቮልቱን አንድ ላይ የሚቆጣጠር የድሮ ፓወር ሰፕላይ፣ 12ቱ ላይ ጭነቱ ድንገት ሲጠፋበት ሚዛኑ ይዛባል፤ ከዚያ ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። ተቆልፎ ስለሚዘጋም ገመዱ ካልተነቀለ አይነሳም። ድራማው ሲከፈት ግን ሲፒዩው ሥራ አለው፤ ያን ያህል አይተኛም። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ያለው ሰው ይህን ማሽን ቢያየው ይወደው ነበር።

ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ባዮስ፣ ገብቼ ሲ6 እና ሲ7ን አጠፋሁ። ድራማ የለ፣ ምን የለ፣ አድሮ ጠበቀኝ። እንግዲህ ምርመራው አለቀ፤ የቀረው ክዳኑን ከፍቶ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ከማዘርቦርዱ፣ ሁሉ ነገር ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ በዕድሜ ይበልጣል። አብሮት ከፋብሪካ አልመጣም፤ ከሌላ አሮጌ ማሽን ተነቅሎ የገባ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» ትላለች። ፊርማውን ክፍላችን ውስጥ የማያውቀው የለም፤ የፈቃድ ወረቀታችን ላይ በየወሩ እናየዋለን። ወረቀቷን አልላጥኳትም። ፓወር ሰፕላዩን እንዳለ አውጥቼ ኢንጂነር ጠረጴዛ ላይ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ አስቀመጥኩት።

ምንም አላሉም። የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ግን «በክፍሉ በተካሄደ ጥልቅ ፍተሻ የኃይል አቅርቦት ችግር ተለይቶ ተፈቷል» የሚል አነበብኩ። ውሸት የለበትም። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገባ፤ ሲ6 እና ሲ7ንም መልሼ አበራሁ፤ ማሽኑ ተኝቶ እየተነሳ ይሠራል።

በሌላ ቀን በሒሳብ ክፍል ሳልፍ ያው ድራማ ተከፍቷል። «እትዬ፣ አሁን እኮ አያስፈልግም፤ ተሠርቷል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «አሁን ድምፁንም ከፍቼዋለሁ።»