«ዘፈኑ የኔ ነው ወይስ የእርስዎ?»

ልጅቷ የመጣችው ከመንዝ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ውርጭ በሚለብስበት ሰሞን። የኔ ስቱዲዮ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳውን የሸፈንኩት በመንዝ ባና ነው። ባና ድምፅ ይውጣል፤ ከስፖንጅ ይሻለኛል። ልጅቷ ገና እንደገባች ባናውን ዳሰስ አድርጋ «አያቴ ይፈትሉ ነበር» አለች። ወዲያው ወደድኳት።

ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። ቅኝቱ ትዝታ። ሞቅ ሳትል፣ ሳትደግም፣ በአንድ ትንፋሽ ቀዳኋት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «አዬ» ስትል ድምፅዋ ትንሽ ይሰበራል። «ማክሰኞ ነይ፤ ቅንብሩን ታደምጫለሽ» ብዬ ሸኘኋት።

ስለ ካሴቱ ሳልናገር ይሄ ነገር አይገባም።

አጎቴ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ከደብረ ሲና ስንመጣ ጋቢና አስቀምጦኝ አንድ ካሴት ብቻ ነው የሚያሰማኝ፦ የኃይሉ መርጊያን አኮርዲዮን። ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ ቴፑን ከፍ ያደርገዋል። ሞተሩ ያጓራል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ያለቅሳል። ኪቦርድ የተማርኩት ያንን ካሴት እያስቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው።

ኃይሉ የተወለደው እዚሁ ደብረ ብርሃን እንደሆነ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። ከዋሊያስ ባንድ ጋር ሒልተን ሲጫወት ኖሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ያንን ካሴት በ1985 የሠራው ብቻውን ነው። አኮርዲዮኑ፣ ሮድስ ፒያኖው፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 የሚባሉት ሲንተሳይዘሮች፣ ድራም ማሽኑ፣ ሁሉም በእሱ እጅ። ከዚያ ዋሽንግተን ላይ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። እኔም ብቻዬን የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ይሄ ታሪክ ስንት ቀን ከአልጋዬ አንስቶኛል።

ጆሮዬ የተሠራው በዚያ ካሴት ነው። በሁለት ስንኝ መሀል ክፍተት ስሰማ እጄ ዝም ማለት አይችልም።

ማክሰኞ ልጅቷ መጣች። ሦስት ሌሊት ሠርቼበታለሁ። የአኮርዲዮኑን ድምፅ ሳወጣ የወናፉ ትንፋሽ ሳይቀር እንዲሰማ ለፍቻለሁ። ማዳመጫውን አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ አወለቀችው። ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ሙዚቃው በጣም ያምራል። ግን ዘፈኑ የኔ ነው ወይስ የእርስዎ?»

ደነገጥኩ። መልስ ስላልነበረኝ ካሴቱን ከፈትኩላት። ስለ አጎቴ፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ታክሲው ሁሉ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ሁለት ዘፈን ካለቀ በኋላ እንዲህ አለች፦

«እሳቸው እኮ ዘፋኝ አልነበራቸውም። አኮርዲዮኑ ነው የሚዘፍነው።»

ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ካሴት ነው። አኮርዲዮኑ የያዘው የዘፋኝ ቦታ እንደሆነ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። እኔ ደግሞ እሷ እያለች፣ አፏ ላይ ሌላ ዘፋኝ አስቀምጬባታለሁ። ልክ ነበረች። ያንን ማለት ሲገባኝ ግን ያልኳት ሌላ ነው። «ጆሮሽ ገና ነው» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» አለች። ቀሪውን ሒሳብ ቆጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ዘፈኑን እንደገና የሰማሁት መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ አሠርታዋለች። የድራሙ ኪክ ደረት ይመታል። ድምፅዋን በማሽን አቃንተውታል። ያቺ የምትሰበረው «አዬ» እንደ ሸሚዝ ተተኩሳ ለስልሳለች። በጣም አዘንኩ። እኔ ብሸፍናትም አላጠፋኋትም ነበር። ያቃናት ሰው ግን መንዝን ነው ያወጣባት። ይህን ለማንም አልደብቅም።

የዚያን ቀን ማታ ስቱዲዮ ገብቼ ፋይሏን ከፈትኩ። አኮርዲዮኑን ዘጋሁት። ባሱንም ዘጋሁት። ድምፅዋ ብቻውን ቀረ። «አዬ» ላይ ከመድረሷ በፊት አየር ስትስብ ይሰማል፤ ያንን ትንፋሽ ስቀዳው እንኳ አልሰማሁትም። ክራር ብቻ ከሥር አስገባሁላት። ሲነጋጋ ጨረስኩ።

ዘፍና ስታበቃ ግን እጄ አልቻለም። አራት ባር አኮርዲዮን መለስኩ። እሷ ዝም ካለች በኋላ ነው የሚገባው። ቁጥሯ ስልኬ ላይ አለ፤ እስካሁን አልላክሁላትም።