ራሱን እያጠፋ የሚነሳ ከርነል፦ የመጀመሪያውን ፎልት ፈልጉ

ከባዶ የጻፋችሁት የኤክስ86-64 ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ክፍል) ስክሪኑን ብልጭ ያደርግና ተመልሶ ከባዮስ ይጀምራል፤ ደግሞ ብልጭ፣ ደግሞ ከባዮስ። ትሪፕል ፎልት ይባላል። ፕሮሰሰሩ አንድ ስህተት (ፎልት) ይገጥመዋል፤ ስህተቱን ወደሚቀበለው ኮድ መድረስ ሲያቅተው ደብል ፎልት፣ ማለትም ቁጥር 8ን ያነሳል፤ ያም ካልተሳካ ሥራ ያቆማል፣ ማዘርቦርዱም ሪሴት ያደርገዋል። በዓይናችሁ የምታዩት እንግዲህ ሦስተኛውን ውድቀት ነው።

ኮዱን በግምት መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት ማሽኑ በወደቀበት እንዲቆም አድርጉ። ኪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ "ኖ-ሪቡት" እና "ኖ-ሻትዳውን" በሚሉት አማራጮች አስነሱት፤ "ዲ ኢንት" ጨምሩና ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩ። ኬቪኤምን (ኮዱን በቀጥታ በእውነተኛው ፕሮሰሰር የሚያስኬደውን ዘዴ) አጥፉት፤ በእሱ ሲሄድ ኤክሴፕሽኖቹ (ፕሮሰሰሩ የሚያነሳቸው ስህተቶች) ሎጉ ውስጥ አይገቡም። የሎጉ የመጨረሻ መስመር ላይ ያለው ሬሳው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ውጡ። "ቼክ ኤክሴፕሽን" የሚሉትን መስመሮች እያያችሁ "ኦልድ" የሚለው ቦታ በኤፍ ብቻ የተሞላበት ላይ ቁሙ። ከእሱ በፊት ሌላ ፎልት አልነበረም፤ ሰንሰለቱን የጀመረው እሱ ነው።

ከሥሩ "ቪ" ቀጥሎ ያለው የኤክሴፕሽኑ ቁጥር ነው፣ በሄክስ። 06 ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ፣ 0ዲ ጄኔራል ፕሮቴክሽን፣ 0ኢ ፔጅ ፎልት። ፔጅ ፎልት ከሆነ ሊነካ የተሞከረው አድራሻ ሲአር2 በሚባለው ሬጅስተር ላይ አለ፤ ለዜሮ የቀረበ ከሆነ ባዶ ፖይንተር ጠርጥሩ። ኤረር ኮዱ 2 ከሆነ ከርነሉ ሊጽፍበት የሞከረው ገጽ ጭራሽ ማፕ አልተደረገም (ከሜሞሪ ጋር አልተያያዘም)፤ 3 ከሆነ ገጹ አለ፣ መጻፍ ግን ተከልክሏል። አርአይፒን (ሲወድቅ የነበረበትን የትእዛዝ አድራሻ) "አድር-ቱ-ላይን" ለሚባለው መሣሪያ ስጡት። ከርነሉ በ"ጂ" አማራጭ ኮምፓይል ከተደረገ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ያወጣላችኋል።

አንዳንዴ ግን ቁጥር 8 ከፊቱ ምንም ፎልት ሳይኖር ይመጣል። ያ ታይመሩ ነው። ባዮስ የ8259 ቺፑን፣ ማለትም የመሣሪያዎችን ኢንተራፕት (ሥራ አቋራጭ ምልክት) ለፕሮሰሰሩ የሚያስተላልፈውን፣ ሲያዘጋጅ የታይመሩን ምልክት ቁጥር 8 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሪማፕ ሳታደርጉ (ቁጥሮቹን ሳታዛውሩ) ኢንተራፕት ከከፈታችሁ የመጀመሪያው ትክታ ደብል ፎልት መስሎ ይደርሳችኋል። ሎጉም "ሃርድዌር ኢንት" ብሎ ያጋልጠዋል። የመጀመሪያውን ቺፕ ወደ 32፣ ሁለተኛውን ወደ 40 አዛውሩ።

በብዛት የሚበላሸው የኢንተራፕት ተቀባዩ ኮድ ነው። በቁጥር 8፣ ከ10 እስከ 14 እና በ17 ላይ ፕሮሰሰሩ ስታክ (ጊዜያዊ የሥራ ሜሞሪ) ላይ 8 ባይት ኤረር ኮድ ያስቀምጣል፤ በቁጥር 3 ወይም 6 ላይ አያስቀምጥም። የመመለሻው ትእዛዝ አይሬትኪው ያን 8 ባይት አያነሳላችሁም፤ ከቀረ ኤረር ኮዱን የመመለሻ አድራሻ አድርጎ ያነበዋል፣ ወዲያው 13 (በሄክስ 0ዲ፣ ጄኔራል ፕሮቴክሽን) ይከተላል። ኤረር ኮድ ለሌላቸው ዜሮ ፑሽ አድርጋችሁ ሁሉንም እኩል አድርጉ፣ ከመመለሳችሁ በፊትም አንሱት። ተቀባዮቹ የሚመዘገቡበትን የኢንተራፕት ሰንጠረዥ መጠንም እዩ፦ በ64 ቢት አንዱ መዝገብ 16 ባይት ነው፣ ለ256 መዝገብ ሊሚቱ (ከመጠኑ አንድ ሲቀነስ) 4095 ነው፣ 4096 አይደለም። ከ32 ቢት መማሪያ የተቀዳ ኮድ 8 ባይት ብሎ ይቆጥርና ሁሉንም ያዛባል።

አስቸጋሪው አንዴ ወድቆ አንዴ የሚሠራው ነው፣ በተለይ ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ከስታኩ ጫፍ በታች ያለውን 128 ባይት የራሱ አድርጎ ይጠቀማል፤ ኢንተራፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ እዚያው ላይ ይጽፍበታል። "ኤም-ኖ-ሬድ-ዞን" በሚለው አማራጭ ኮምፓይል አድርጉ። ይህን ያላደረገ ከርነል ላይ ሌላ ስህተት መፈለግ ድካም ነው።

ስታኩ ሞልቶ ከፈሰሰም በዝምታ ከሥሩ ያለውን ይበላል፤ ፔጅ ቴብሎቹ (የአድራሻ ካርታዎቹ) እዚያ ካሉ ደግሞ አለቀ። ከሥሩ ማፕ ያልተደረገ አንድ ገጽ ተዉ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የፔጅ ፎልቱ መረጃ የሚጻፈው በዚያው በሞላው ስታክ ላይ ስለሆነ ነገሩ በቀጥታ ወደ ትሪፕል ፎልት ይሄዳል። ለቁጥር 8 በቲኤስኤስ (ፕሮሰሰሩ የስታክ አድራሻ በሚያነብበት ሰንጠረዥ) በኩል የራሱን ስታክ ስጡት።

ኪሙ ላይ ሠርቶ እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ከወደቀ ቢኤስኤስን (መነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸው ተለዋዋጮች ያሉበትን ክፍል) ዜሮ ማድረጋችሁን አረጋግጡ፤ ጫኙን ራሳችሁ ከጻፋችሁት ይህ የእናንተ ሥራ ነው። የኪሙ ሜሞሪ ሲነሳ ዜሮ ስለሆነ ስህተቱን ይሸፍናል።