የዘገየው ስለቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ለቁልቢው ገብርኤል ሁለት ነገር ተስዬ ነበር፤ ጃንጥላ ላስገባ፣ ያደረገልኝንም በሰው ፊት ልመሰክር። ጃንጥላውን በ1985 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 ቀን አስገብቻለሁ። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ ፈርቼው ኖሬያለሁ።

ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተመርቄ ወደ ኤርትራ ስሄድ እናቴ ማተቤን ከአንገቴ ፈትታ በጃኬቴ ኮሌታ ውስጥ ሰፋችው። ዘመኑ የደርግ የፖለቲካ ኮሚሳሮች ዘመን ነበርና አንገት ላይ የሚታይ ክር እድገት ያስቀር ነበር። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ የሻዕቢያን ምሽግ ናቅፋን እንይዛለን ብለን ተራራ ለተራራ ስንንከራተት፣ ከዚያም ዓመታት ምሽግ ውስጥ ስንከርም፣ ጃኬት በተለወጠልኝ ቁጥር ክሩን ፈትቼ በአዲሱ ላይ እሰፋዋለሁ። ጸሎት ግን ትቼ ነበር። የፓርቲ አባልም ሆኛለሁ፤ አልደብቅም።

መጋቢት 1980 ዓ.ም. ናደው በተባለው የጦራችን እዝ ሥር አፍአበት ግንባር ላይ ነበርን። ከሳምንታት በፊት የእዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታችን ተረሽነው ስለነበር፣ ምሽግ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። መጋቢት 8 ሲነጋ ሻዕቢያ አጠቃን። የታንክ ሰልፋችን ወደ አፍአበት ሲያፈገፍግ አድ ሽሩም በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ የፊተኛው ተመታና መንገዱን ዘጋው። ወደ 70 የሚጠጋ ተሽከርካሪ ተደርድሮ ቆመ። ከዚያ የራሳችን አውሮፕላኖች መጡና መሣሪያው ለጠላት እንዳይተርፍ ሰልፉን ደበደቡት።

እኔ ከአንድ ኡራል መኪና ሥር ተኝቻለሁ። እሳቱ ከጎማ ወደ ጎማ ሲዘል አያለሁ። እጄ ሳላዘው ኮሌታዬን ጨበጠ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣህ ገብርኤል፣ ከዚህ አውጣኝ» አልሁ። ስለቴንም የተሳልሁት እዚያው ነው።

ሲመሽ ከሬዲዮ ሠራተኛዬ ከአስር አለቃው ጋር ሾልከን ወጣን። ሌሊት ወደ ከረን አቅጣጫ እየተጓዝን፣ ቀን ድንጋይ ሥር እየተደበቅን ሁለት ሌሊት ሄድን። ውሃ የለም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ መናገር አቅቶኛል። ፍየል የሚጠብቅ፣ ግመል የሚስብ አንድ ሽማግሌ ያገኘን በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው። ቋንቋ አንግባባም። የወታደር ጫማችንን አየ፤ ማን እንደሆንን ገባው። አንድ ጩኸት ቢያሰማ አለቀልን። እርሱ ግን ከግመሉ ላይ የቆዳ አቁማዳውን ፈትቶ ዘረጋልን። ሰዓቴን ፈትቼ ብሰጠው እጄን ገፋ አደረገው። በበትሩ የምንሄድበትን ሸለቆ አሳይቶን እያሳለ ሄደ።

ቀኑን ኋላ ከረን ደርሰን ስቆጥረው መጋቢት 10፣ መስቀሉ የተገኘበት በዓል ነበር። አፍአበት በዚያው ቀን ወድቃለች።

ባለቤቴ «ራሱ ገብርኤል ነው» ትላለች። እኔ ሳል የያዘው ሽማግሌ ነበር እላለሁ። ምናልባት በእኛ መድፍ ዘመድ የሞተበት ይሆናል። መልአኩ የሚልከው ሰው ሲፈልግ እርሱን አገኘ፤ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል።

እንግዲህ የፈራሁት ነገር ይኸውና። ሆለታ የተማርነው መኮንን የሚበላውም የሚጠጣውም ከወታደሩ በኋላ ነው ተብለን ነው። አቁማዳውን የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ቀድሜ ጠጣሁ። ውሃው የፍየል ጠረን ነበረው፤ አስር አለቃው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተንበርክኮ ያየኛል፤ እኔ አላቆምሁም። ለእርሱም ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ስጠጣ ግን ይተርፍ አይተርፍ አላሰብሁም።

አስር አለቃው ዛሬም አለ። በየዓመቱ መጋቢት 10 ቤቴ ይመጣል። ዘንድሮ ምስክርነቴን ልጽፍ መሆኑን ነግሬው፣ ስለ ውሃውም ይቅርታ ጠየቅሁት። ቡናውን ፉት አለና፣

«አውቃለሁ፣ መቶ አለቃ» አለኝ። «ሲጠጡ እቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ጉንጭ ነው።»