«ሃርድ ታይምስ»ን በ20 ክፍል ከፍሎ ማንበብ

የቻርልስ ዲከንስን «ሃርድ ታይምስ» ያነበብኩት መጀመሪያ በታተመበት አኳኋን ነው። ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 እስከ ኦገስት 12 ቀን 1854 ድረስ ዲከንስ ራሱ በሚያዘጋጀው «ሃውስሆልድ ወርድስ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት በ20 ክፍል ወጣ። በመጽሔቱ ላይ የምዕራፎቹ ቁጥር ከ1 እስከ 37 ይቀጥላል። መጽሐፍ ሲሆን ግን ለሦስት ተከፍሎ 16፣ 12 እና 9 ምዕራፍ ሆነ፤ በየክፍሉም ቁጥሩ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ተከታታዩን ቁጥር በእርሳስ ጻፉበት፤ የሁለተኛው መጽሐፍ መነሻ 17፣ የሦስተኛው 29 ይሆናል። ከዚያ በአንድ መቀመጫ አንድ ክፍል ብቻ፦ መጀመሪያ ከ1 እስከ 3፣ ቀጥሎ 4 እና 5፣ ከዚያ 6 ለብቻው።

ምዕራፍ 11ን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት። ሸማኔው ስቲቨን ብላክፑል በመጠጥ ከተበላሸች ሚስቱ በሕግ መለየት ይቻል እንደሆነ የፋብሪካውን ጌታ ባውንደርቢን ይጠይቃል። መልሱ፦ መንገዱ አለ፣ ግን ፍርድ ቤቶቹን አልፎ ፓርላማ ድረስ ይሄዳል፤ ወጪው ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንድ፣ ምናልባትም እጥፉ። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው። በሳምንት 15 ሽልንግ የሚከፈለው ሰው ብላችሁ አስሉት፤ የዓመት ገቢው 39 ፓውንድ ነው። ምንም ሳይበላ ቢያጠራቅም እንኳ ለ1,000ው ከ25 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ፍቺ በፍርድ ቤት ብቻ እንዲያልቅ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1857 ነው። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ግፍ ከዚህ ምዕራፍ በላይ ፍንትው ብሎ የሚታይበት ቦታ የለም።

ብዙ አንባቢ የሚደናቀፈው ምዕራፍ 20 ላይ ነው። ስቲቨን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር አላብርም ይላል፤ ምክንያቱ ግን ተድበስብሶ ይታለፋል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በምዕራፍ 13 ውስጥ ስቲቨን የሚወዳት የፋብሪካ ሠራተኛ የሬቸል ታናሽ እህት ክንዷን በማሽን መቆረጧ የሚነሳበት አንቀጽ ነበር። ሬቸል «እንዲህ ያለውን ነገር ተወው» ስትለው ስቲቨን ቃል የገባላትም እዚያው ነው። ዲከንስ ይህን አንቀጽ በማረሚያ ቅጂው ላይ ሰረዘው፤ ቃሉ ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀረ። ማብራሪያ ያላቸው አንዳንድ እትሞች አንቀጹን ስለሚያስቀምጡት እንዲህ ያለ እትም ቢገኝ ይመረጣል። ምዕራፍ 7 እና 8 በወጡበት በኤፕሪል 22 እትም ላይ ደግሞ ሄንሪ ሞርሊ ያልተከለሉ ማሽኖች ስለሚያደርሱት ጉዳት የጻፈው «ግራውንድ ኢን ዘ ሚል» አለ። አብራችሁ አንብቡት፤ የተሰረዘው አንቀጽ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

በእንግሊዝኛ ለምታነቡ፣ የስቲቨንን የላንካሸር አነጋገርና የኮልታፋውን የሰርከስ ባለቤት የስሊሪን ንግግር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ለዓይን የከበደው ለጆሮ ይቀላል።

የማኅበሩን ተናጋሪ ስላክብሪጅን በተመለከተ ዲከንስን አልከተለውም። በጃንዋሪ 1854 ፕረስተን ወደተባለችው የፋብሪካ ከተማ ሄዶ የሠራተኞቹን ሥራ ማቆም በዓይኑ አይቷል፤ በፌብሩዋሪ 11 ባወጣው «ኦን ስትራይክ» በተሰኘ ጽሑፉም የሠራተኞቹን ጨዋነትና ትዕግሥት መስክሯል። ልብ ወለዱ ውስጥ ግን መድረኩን ለአንድ ጯኺ ሰጠው። ምዕራፍ 20ን እንደጨረሳችሁ ያንን ጽሑፍ አንብቡት።