በጾም አፌ ሰካራም ተባልኩ

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ በቴሌግራም «እናንተ ጋ እኮ ትራፊክ አያስቸግርም፤ ጉቦ የለ፣ ማመናጨቅ የለ» ብሎ ጻፈልኝ። ማመናጨቁስ እውነት የለም። «ሰር» እያለ ነው የሚያዋርድህ።

ቨርጂኒያ ነው፣ ዐቢይ ጾም። የሌሊት ሺፍት ጨርሼ ስነዳ ከኋላዬ የፖሊስ መብራት ተንቦገቦገ። ዳር ያዝኩ። አገር ቤት ቢሆን ታርጋው ሳይፈታ ወርደህ «ሳጅን፣ ዛሬን ማረኝ» ትላለህ። እዚህ ሁለት እጅ መሪ ላይ፣ ንቅንቅ የለም። «ጎማህ መስመር ነክቷል» አለኝና ዓይኔን አየው። ሌሊቱን ሳይከደን ያደረ ዓይን፣ ደም ለብሷል።

«ምን ያህል ጠጣህ?»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ የማልቀምሰውን ሰውዬ!

አስወረደኝ። እስክሪብቶ ዓይኔ ፊት ወዲያ ወዲህ አመላለሰ። ቀጥሎ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ፣ ድምፅ አውጥቶ እየቆጠሩ 9 እርምጃ፤ ዞሮ ደግሞ 9። የልጆች አባት ሐይዌይ ዳር ወፌ ቆመች! በመጨረሻ በአንድ እግር 30 ሰከንድ ያህል ቁም አለኝ። እዚህ ላይ እንኳ ኮራሁ። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር፣ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው የጸለዩትን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል እየተሳለመ ያደገ ሰው በ30 ሰከንድ ይፈተናል? ቀጥ አልኩለት። መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ሄደ። ትኬትም የለ፣ ይቅርታም የለ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያቺን እርምጃ ስቆጥር ባንዲራ ያንጠለጠለች አንዲት የማውቃት ቶዮታ ቀስ ብላ አለፈች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ጠበል መጠጥ ያስተዋል» አሉኝ። ምን ይባላል? አሜን አልኩ። የፖሊሱ ካሜራ ደረቱ ላይ ነው፤ የሀበሻው የት እንዳለ አይታወቅም።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ሲያስቆማችሁ ሳትታዘዙ እንዳትወርዱ። ሊብሬ ፍለጋ ብላችሁ መሳቢያ አትበርብሩ፤ ነግራችሁት፣ እሺ ሲል ብቻ። መንጃ ፈቃድ ውስጥ ብር አጥፎ ማቀበል የሚሉትን ብልሃት ደግሞ ቦሌ ጥላችሁት ኑ፣ እስር ቤት ያስገባል። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም ለመጀመሪያ ጊዜ 125፣ ሲደገም 250 ዶላር ያስቀጣል። ስለዚህ ዘመዶቼ፣ ስትደውሉ ካላነሳሁ «ኮራ» አትበሉኝ፤ 125ቱን ለመንግሥት ከምገብር ለእናንተው ብልክ ይሻላል።