ቮላኖው ከየት ነው የተፋቀው?

ዲኤክስ የምትባለዋን የድሮ ቶዮታ ኮሮላ የሚወድ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ስለ ቮላኖ፣ ከሞተሩ ጋር አብሮ ስለሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት፣ መጠየቁ አይቀርም። «ቮላኖው ቢቀል መኪናዋ ትፈጥናለች ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ እውነት ነው። ግን ግማሹ ብቻ ከተነገረ ሰው ይጎዳል። አንድ የጋራዣችን ደንበኛ ያመጣት ዲኤክስ ይህን በዓይናችን ስላሳየችን ነው የምጽፈው።

ልጁ የመጣው ፍሪሲዮን ሊያሠራ ነው። «ጋሼ፣ ስነሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ላይ ደግሞ ትጠፋብኛለች» አለኝ። ሞተሩን አስነሳሁት። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ አልረጋ አለ። ነዳጅ ሲሰጡት ዙሩ በአንዴ ሽቅብ ይወጣል፤ እግር ሲነሳ ደግሞ ወዲያው ይወርዳል።

«ቮላኖውን አስነክተሃል እንዴ?» አልኩት።

ደስ ብሎት ነገረኝ። ብረት ወደሚፋቅበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ከሁለት ኪሎ በላይ አስፍቆለታል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ለውጥ አይቷል። አልዋሸም። ቮላኖ ሞተሩ የሚያመነጨውን ጉልበት በክብደቱ ይዞ ያቆያል። ሲቀል ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚያባክነው ጉልበት ይቀንሳል፤ የተረፈው ወደ ጎማ ይሄዳል። ጥቅሙ የሚታየው ግን በትንንሾቹ ማርሾች ነው። ከዳር ሁለት ኪሎ ቢነሳ በአንደኛ ማርሽ አንድ ሰው ከመኪና የማውረድ ያህል ነው። አራተኛ ላይ ሲደርሱ ጥቅሙ ጥቂት ኪሎ ጤፍ የማውረድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አስፋልት ላይ እየሄደ ሌላ መኪና ለመቅደም የሚፈልግ ሰው ቮላኖ አስፍቆ ብዙም አያተርፍም።

ካምቢዮው ወረደ፤ ፍሪሲዮኑ ተፈታ። ቮላኖውን አውጥተን ጀርባውን ስናየው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዝም አለ። የተፋቀው መሃሉ ነው፤ ብሎኖቹ የሚያልፉበት ዙሪያ። ዳሩ እንዳለ ነው።

ይሄ ከሁለት በኩል ኪሳራ ነው። አንደኛ፣ ብረት ከመሃል በራቀ ቁጥር ለማዞር ይከብዳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ከዳር የሚነሳ ግማሽ ኪሎ፣ ከዳሩ ግማሽ ርቀት ላይ ከሚነሳ ሁለት ኪሎ ጋር እኩል ነው። ልጁ ከፍሎ ያስፋቀው ብረት አብዛኛው ለፍጥነቱ የረባ ነገር አልጨመረለትም። ሁለተኛ፣ መሃሉ ነው ቮላኖውን ከሞተሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘው። የሞተሩ ጉልበት ሁሉ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። መቅጠን ከሌለበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው።

በነጭ ጋዝ አጠብነው፤ ጠርገን አደረቅነው። ከዚያ ጠመኔ ፈጭተን ስስ አድርገን አለበስነው። ትንሽ ቆየን። ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ዳር የሚሄድ ጸጉር የሚያህል ጥቁር መስመር ነጩ ላይ ወጣ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ነው ጠመኔውን ያራሰው። በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ ጥፍሬ ያዝ አደረገኝ። ለማረጋገጥ በሽቦ አንጠልጥለን በትንሽ መዶሻ መታ አደረግነው። ጤነኛ ቮላኖ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ድምፁም ይቆያል። ይሄኛው «ድው» ብሎ ቀረ።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። «ይሄማ ትንሽ ናት ጋሼ፤ ብየዳ ቢነካው አይሆንም?» አለ። አይሆንም። የፋብሪካው ቮላኖ ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት ነው፤ ተበይዶ ለዚህ ሥራ አይታመንም። 27 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቮላኖ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ብረቱን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ስንጥቅ በከፍተኛ ዙር ላይ ከተለያየ ስብርባሪው ካምቢዮ ቤቱን በስቶ ይወጣል። ከካምቢዮ ቤቱ በላይ ያለው ደግሞ የሹፌሩ እግር ነው። በአሜሪካ ድራግ በሚባለው የአጭር ቀጥታ መንገድ ውድድር ፈጣን የማንዋል መኪኖች እንደ ኤስኤፍአይ 1.1 ያለ የደህንነት ፈተና ያለፈ ቮላኖና ፍሪሲዮን እንዲገጥሙ የሚገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስነግረው ወደ መኪናው ወለል ሲያይ አየሁት።

ዳገት ላይ የመጥፋቱ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ፍሪሲዮን ስንለቅ ሞተሩ እንዳይጠፋ ደግፎ የሚያልፈው ቮላኖ ውስጥ የተከማቸው ጉልበት ነው። ያንን ትንሽም ቢሆን ቀንሶ ወደ እንጦጦ መውጣት፣ መሃል ዳገት ላይ ሰልፍ ይዞ መነሳት፣ በጣም ከባድ ነው። የእሱ መኪና ደግሞ 1.3 ሊትር ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው የተሰጠ ምክር እኛ ጋ እንዳለ አይሠራም፤ ብዙ ልጆች ይህን ሲስቱት አያለሁ።

ጤነኛ፣ ሙሉ ክብደት ያለው ቮላኖ አግኝተን በአዲስ ብሎን ገጠምንለት። መጀመሪያ ከፍቶት ነበር። «ታዲያ ፍጥነቱስ?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ነበረን። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ እንደተዘጋጀ ነበር፤ እዚህ ስስ አየር ላይ ነዳጅ ያበዛል። የነዳጅ ቀዳዳውን ወደ አነስተኛው ቀየርነው። ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰው ስለነበር አውጥተን አጸዳናቸው። የእሳቱን ጊዜ ትንሽ አስቀደምን፤ ስስ አየር ይህን ይፈቅዳል። የጎማ ነፋስም ጎድሎ ነበር። ነድቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል፤ በተለይ ከሁለተኛ ማርሽ በኋላ ያለው መሳብ ደስ ብሎታል።

የተሰነጠቀውን ቮላኖ ይዤ ልሂድ ሲል ግን ተከራከርን። ሊሸጠው አስቧል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ከደረሰ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ ሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሊገባ ይችላል። የቁርጥራጭ ዋጋውን ከሂሳቡ ቀነስንለትና በግራይንደር ለሁለት ከፈልነው።

አሁን ለውድድር የተሠራ የብረት ቮላኖ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ከአንድ ድፍን ብረት የተፈለፈለ፣ ዳሩ የቀለለ፣ መሃሉ ያልተነካ፣ ከፍሪሲዮኑ ጋር አብሮ ባላንስ የተደረገ እንዲሆን ነግሬዋለሁ። ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ ማድረግ እንደሚኖርብንና ዳገት ላይ ሲነሳ ነዳጅ እንደሚጨምርም ያውቃል። ይዞ ሲመጣ ራሴ እገጥምለታለሁ።